«ቲቸር፣ ቁጥሩን መልሰውታል?»

ጽሑፉ ረዘም ያለ ነው፤ ቡና ይዛችሁ ብትቀመጡ ይሻላል። ጊዜ የሌለው ይለፈው፣ አልቀየምም።

ባለፈው ሳምንት አንዲት የድሮ ተማሪዬ በውስጥ መስመር ጻፈችልኝ። «ቲቸር፣ አውቶሜሽን ሠርተን ቴስት ላይ በደንብ ይሄድና ወደ ፕሮዳክሽን ስናሻግረው ሁሌ የሆነ ነገር ይበላሻል። እናንተ ጋ እንዴት ነው የምታደርጉት?» አለችኝ። በሦስት መስመር ልመልስላት ጀመርኩ። ጻፍኩ፣ አጠፋሁ፣ ጻፍኩ፣ አጠፋሁ። አቃተኝ። በዚህ ጉዳይ ላይ የማውቀውን አብዛኛውን የተማርኩት ከአንድ ቀን ነው፤ ያንን ቀን ሳላወራ መልሱን ብቻ ብሰጣት ያታለልኳት መሰለኝ። ስለዚህ እዚህ ልጻፈው፤ እሷም እዚሁ ታንብበው።

ማስተማር ከተውኩ በኋላ የገባሁበት ቤት የቁጠባና ብድር ማኅበር ነው። ስሙን አልጠራም። ወደ አራት ሺህ የሚጠጉ አባላት አሉት። ስገባ ሁለት ሠራተኞች ጠዋት ጠዋት ኤክሴል ይከፍታሉ፣ ማን ክፍያ እንዳሳለፈ ይለቅማሉ፣ ከዚያ አንድ በአንድ ይደውላሉ። እስከ ምሳ ሰዓት ድምፃቸው ይዘጋል። እኔ ደግሞ ገና ከዩኒቨርሲቲ የወጣሁ፣ ሁሉን አውቃለሁ ባይ፣ «ይሄማ የአንድ ሳምንት ሥራ ነው» አልኩ። የአንድ ሳምንት ሥራ ነበር ደግሞ። ጣጣው የመጣው ከዚያ በኋላ ነው።

የተጠቀምንበት ኤን-ኤይት-ኤን የሚባለውን ነው። በርሊን ያለ ድርጅት በ2019 እ.ኤ.አ. ያወጣው መሣሪያ ነው፤ በራስህ ሰርቨር ላይ ጭነህ በነፃ ልትጠቀምበት ትችላለህ። ከሙያው ውጭ ላላችሁ ወዳጆቼ፦ ስክሪን ላይ ሳጥኖች ትደረድራለህ፣ በመስመር ታያይዛቸዋለህ። የመጀመሪያው ሳጥን በተቀጠረለት ሰዓት ይነቃል። ሁለተኛው ከዳታቤዝ ብድሮቹን ያነባል። ሦስተኛው ያጣራል። አራተኛው ኤስኤምኤስ ይልካል። የኛ ማጣሪያ ቀላል ነበር፤ ክፍያው ያለፈበት ሰው ለራሱ መልእክት ይደርሰዋል፣ 30 ቀን ካለፈው ደግሞ ለዋሶቹ ይሄዳል። እያንዳንዱ ብድር ሁለት ዋስ አለው። ይቺን 30 ቁጥር ያዙልኝ።

ሰርቨሮቹ ሁለት ናቸው። አንዱ ቴስት፣ አንዱ ፕሮዳክሽን። ክፍል ውስጥ ጓዳና ሳሎን እያልኩ ነበር የማስተምራችሁ፣ ታስታውሱ እንደሆነ። ጓዳ ውስጥ ይቃጠላል፣ ይፈስሳል፣ ጨው ይበዛል፤ እንግዳው የሚያየው ሳሎን የቀረበውን ብቻ ነው። ቆንጆ ምሳሌ ነው ብዬ እኮራበት ነበር። ያላስተማርኳችሁ ከጓዳ እስከ ሳሎን ያለችውን መንገድ ነው። ወጥ የሚደፋው እሷ ላይ ነው።

የመጀመሪያው ምልክት ሰዓት ነበር፤ ያኔ ሳቅንበት። መስከረም 2017 ላይ ፕሮዳክሽን ሰርቨሩን አቆምንና መልእክቱ ጠዋት 2 ሰዓት ላይ እንዲሄድ ቀጠርነው። የሄደው ከቀኑ 9 ሰዓት ነው። ለካ ኤን-ኤይት-ኤን ካልነገርከው በስተቀር ሰዓቱን በኒውዮርክ ነው የሚቆጥረው። ቴስት ሰርቨሩ ላይ ከወራት በፊት ወደ አዲስ አበባ ቀይሬው ነበር፤ መቀየሬን ግን የትም አልጻፍኩትም፣ ራሴም ረስቼዋለሁ። ጓዳው በሐበሻ ሰዓት፣ ሳሎኑ በአሜሪካ ሰዓት።

እዚህ ላይ ያደረግኩትን ስነግራችሁ አፍራለሁ። የሰዓት ሰቁን ከማስተካከል ይልቅ ጣቴን ቆጠርኩ። የሰባት ሰዓት ልዩነት ነው፤ ስለዚህ ፕሮዳክሽን ላይ ያለውን ቀጠሮ በፈረንጅ አቆጣጠር ከሌሊቱ 1 ሰዓት አደረግኩት፣ ኒውዮርክ 1 ሲሆን አዲስ አበባ ጠዋት 2 ይሆናል። ሠራ። እጄን አራግፌ ሄድኩ። ጥቅምት 24 እሑድ ዕለት አሜሪካኖቹ የበጋ ሰዓታቸውን ጨርሰው አንድ ሰዓት ወደ ኋላ መለሱ፤ ሰኞ ጠዋት የኛ አባላት መልእክት 3 ሰዓት ላይ ደረሰ። ኒውዮርክ ያለ ሰው አንድ ሰዓት ተጨማሪ ተኛ፣ እዚህ ያለ ባለ ሱቅ መልእክቱ ዘገየበት። እንደገና ጣቴን ቆጥሬ ቀየርኩት። አዎ፣ እንደገና!

ይሄ ቀልድ ነው የሚመስለው፤ ጉዳቱ ግን በሰዓቱ ላይ አልነበረም። ከዚያ በኋላ የቴስቱና የፕሮዳክሽኑ ፋይል መቼም አንድ ሆነው አያውቁም። ቴስት ላይ 8፣ ፕሮዳክሽን ላይ ሌላ። ቴስት ላይ መልእክቱ ወደ እኔ ስልክ፣ ፕሮዳክሽን ላይ ወደ አባላት። ቴስት ላይ የላኪው ስም ሌላ። የሥራ ሂደቱ ወደ ጄሰን ፋይል ስለሚወጣ ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጦ ማነጻጸር ይቻላል፤ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት እናነጻጽርም ነበር። ግን ሁልጊዜ ቀይና አረንጓዴ መስመር የሞላበት ሆነብን። «ይሄ ሰዓቱ ነው፣ ይሄ ስልኩ ነው፣ ይሄ ችግር የለውም» እያልን ማለፍ ለመድን። በመጨረሻ ማየቱንም ተውነው። ሁልጊዜ የሚጮህ ውሻ ሌባ ሲመጣም ቢጮህ ማን ይነሳል?

ከኔ ጋር አንድ ልጅ ይሠራ ነበር። የኔው ተማሪ ነው፤ ከእናንተ ብዙዎቻችሁ ታውቁታላችሁ፣ ስሙን ግን እዚህ አትጻፉ፣ እለምናችኋለሁ። ኮመንት ላይ የጻፈ ካለ አጠፋዋለሁ። ቀስ ብሎ የሚያስብ፣ ሁለቴ የሚጠይቅ ልጅ ነው። ክፍል ውስጥም እንደዚያው ነበር፤ ፈተና ላይ ሰዓት ያልቅበት የነበረው ስለማያውቅ አይደለም።

ጥር 29 ሐሙስ፣ 11 ሰዓት ተኩል ላይ። የመልእክቱን አጻጻፍ አሻሽለን አዲስ ሪሊዝ ልንለቅ ነው። ቀኑን ሙሉ ቴስት ላይ ስሞክር ነበር። ቴስቱ ውስጥ ያለው ዳታ ጥቂት ስለሆነ 30 ቀን ያለፈው ብድር አልነበረም፤ የዋሱ መልእክት እንዴት እንደሚመጣ ለማየት 30ውን ወደ 0 ቀየርኩት። መልእክቱ ስልኬ ላይ መጣ፣ ወደድኩት። ከዚያ ስልኬን አወጣሁና የአባላቱን የስልክ ዓምድ መለስኩ። ሰርቪስ ሊያመልጠኝ ነው፣ ቦርሳዬን አንስቻለሁ።

ልጁ ወንበሩን ዞር አድርጎ «ቲቸር፣ ቁጥሩን መልሰውታል?» አለኝ።

እሱ የጠየቀኝ ስለ 30ው ነው። እኔ የሰማሁት ስለ ስልክ ቁጥሩ ነው። «አዎ መልሼዋለሁ፣ ልቀቀው» አልኩት። ወጣሁ።

እሱም አወጣው፣ ፕሮዳክሽን ላይ አስገባው፣ አበራው። መዝገቡ ላይ የሚታየው የሱ ስም ነው።

በማግስቱ ዓርብ ጥር 30 ነው። የወር መጨረሻ። የአብዛኛው ሰው ክፍያ የሚደርሰው በዚያ ቀን ነው። አስቡት እንግዲህ፤ ማጣሪያው «30 ቀን ወይም ከዚያ በላይ ያለፈው» ማለቱ ቀርቶ «0 ቀን ወይም ከዚያ በላይ» ሆኗል። ክፍያው ዛሬ የደረሰበት፣ ገና ጠዋት 2 ሰዓት ላይ ባንክ ያልሄደ ሰው ሁሉ ተገኘ። ለ206 ብድር፣ ለእያንዳንዱ ሁለት ዋስ፣ 412 መልእክት። «ዋስ የሆኑላቸው ተበዳሪ ክፍያቸውን ባለመፈጸማቸው በውሉ መሠረት ኃላፊነቱ ወደ እርስዎ ሊዛወር ስለሚችል በአስቸኳይ ቢሮ ቀርበው እንዲያነጋግሩ።» አጻጻፉን ያሻሻልኩት እኔ ነኝ። «በአስቸኳይ» የሚለውን የጨመርኩት በዚያው ሪሊዝ ነው።

2 ሰዓት ከ10 ላይ ስልክ መጮህ ጀመረ። 2 ሰዓት ከ20 ላይ ልጁ ሥራውን አቆመው። ሲስተሙን ወደ ትናንቱ መመለስ አምስት ደቂቃ አልፈጀም። የድሮው ፋይል ነበረ፣ አስገባነው፣ አለቀ። ኤስኤምኤስ ግን አይመለስም። ብዙዎቻችሁ ሮልባክ ሲባል ሁሉም ነገር የሚመለስ ይመስላችኋል፤ እኔም እንደዚያ ነበር የማስተምረው። ኮድ ይመለሳል፣ ዳታቤዝም ባክአፕ ካለህ ይመለሳል። ሰው ጆሮ የገባ ነገር ግን በየት በኩል ይመለሳል?

ያኔ ልሠራው የነበረውን ሁለተኛ ስሕተትም ልንገራችሁ። በድንጋጤ የይቅርታ መልእክት ጻፍኩና በዚያው የሥራ ሂደት ልልከው ነበር! ማጣሪያው ምን እንዳለው ገና ሳላጣራ። እጄን የያዘኝ ልጁ ነው። «ቲቸር፣ ቆይ፤ መጀመሪያ ለነማን እንደሄደ ከመዝገቡ እናውጣ» አለ። እያንዳንዱ ሂደት ሲሮጥ የገባውና የወጣው ስለሚቀመጥ 412ቱን አንድ በአንድ አወጣናቸው። ሥራ አስኪያጇ የይቅርታውን ጽሑፍ አንብበው «ይቅርታ የሚለው ቃል መጨረሻ ላይ ምን ይሠራል? ፊት ይምጣ» አሉ። ፊት አመጣነው። 4 ሰዓት ላይ በእጅ ላክነው።

5 ሰዓት አካባቢ አንዲት እናት መጡ። ነጠላቸውን ያጣፉ፣ እጃቸው ላይ የዱቄት ርዝራዥ አለ፣ ከሥራ እንደተነሱ ናቸው። ለሟች እህታቸው ልጅ ዋስ ሆነዋል፤ ባጃጅ ለመግዛት የተበደረ ልጅ ነው። እማማ ማንበብ አይችሉም። መልእክቱን ያነበበችላቸው ጎረቤታቸው ናት፣ በራፍ ላይ፣ ጮክ ብላ። የይቅርታው መልእክት ሲደርስ ጎረቤቷ ገበያ ወጥታለች፣ የሚያነብላቸው አልነበረም።

የነጠላቸውን ጫፍ ፈቱና ብር አወጡ። 3,200 ብር። የልጁ የወር ክፍያ ልክ ነው። «እኔ ዕዳ ያለብኝ ሰው ሆኜ አላድርም፤ ተቀበለኝና ስሜን ሰርዝልኝ» አሉኝ። «እማማ፣ ስሕተት ነው፣ ልጁ ምንም አላጠፋም፣ የክፍያው ቀን ገና ዛሬ ነው» ብላቸው አላመኑኝም። «ታዲያ ማሽኑ ለምን ይዋሻል?» አሉ። ሥራ አስኪያጇ መጥተው አስረዷቸው። ቡና ጠጡ። ብራቸውን መልሰው ቋጠሩ። ሲወጡ ግን «ጠዋት በስልክ ያላልኩት የለም እኮ፣ እናትህ ብትኖር በአንተ ታፍር ነበር አልኩት» ብለው ለራሳቸው አጉተመተሙ። ልጁ በዚያው ቀን 7 ሰዓት ላይ ከፈለ፤ እሱ ሁልጊዜ በቀኑ የሚከፍል ሰው ነው። ከአክስቱ ጋር ግን ለብዙ ጊዜ እንዳልተነጋገሩ በኋላ ሰማሁ።

412 ነው መልእክቱ። እኔ ያየሁት አንዷን ነው።

ሰኞ የካቲት 3 ስብሰባ ተጠራ። የመጀመሪያው ጥያቄ እንደ ሁልጊዜው «ማን ነው የነካው?» የሚል ነበር። መዝገቡ ተከፈተ፣ የልጁ ስም ወጣ። እሱ አንገቱን ደፍቶ «እኔ ነኝ የለቀቅኩት» አለ። ውሸት አይደለም፣ የለቀቀው እሱ ነው። ቀና ብሎ አየኝ። አንድ ጊዜ ብቻ። እኔ ውሃ ጠጣሁ።

ውሃ ጠጣሁ፣ ሌላ ምንም አላደረግኩም። «ጠይቆኝ ነበር፣ መልሼዋለሁ ያልኩት እኔ ነኝ» የምትለው ዐረፍተ ነገር አፌ ላይ ነበረች። የመምህርነት ስሜ፣ አዲስ ቦታ መሆኔ፣ ቦርዱ ፊት መቀመጤ... ምን ላድርግ፣ ፈራሁ። ለልጁ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ተሰጠው።

እናንተ ደግሞ ታውቁኛላችሁ። የናይት ካፒታልን ታሪክ በየዓመቱ ክፍል ውስጥ እየቆምኩ ስተርክላችሁ የነበርኩ ሰው ነኝ። ለረሳችሁት፦ ነሐሴ 1 ቀን 2012 እ.ኤ.አ.፣ አክሲዮን የሚገዛና የሚሸጥ ትልቅ ኩባንያ። አዲስ ሶፍትዌር በ8 ሰርቨሮች ላይ መጫን ነበረበት፤ በ7ቱ ተጫነ፣ በአንዱ ተረሳ። የተረሳው ሰርቨር ላይ ከዓመታት በፊት ሥራ ያቆመ አሮጌ ኮድ ተኝቶ ነበር። አዲሱ ሶፍትዌር የድሮውን ማብሪያ እንደገና ስለተጠቀመበት ያ አሮጌ ኮድ ነቃ። 45 ደቂቃ ውስጥ ኩባንያው ከ440 ሚሊዮን ዶላር በላይ አጣ። እኔ ሁልጊዜ ክፍሉን የማስቀው «አንድ ሰርቨር ረሳ!» እያልኩ ነበር። የአሜሪካው የአክሲዮን ገበያ ተቆጣጣሪ ባወጣው ውሳኔ ውስጥ ግን ሌሎች ሁለት ነገሮች አሉ፤ እኔ እየዘለልኳቸው ነበር የማስተምረው። አንደኛ፣ የተጫነውን ሌላ ሁለተኛ ሰው እንዲያየው የሚያስገድድ የተጻፈ ደንብ አልነበራቸውም። ሁለተኛ፣ ችግሩ ሲፈጠር በጥድፊያ አዲሱን ኮድ በትክክል ከተጫነባቸው ከ7ቱ ሰርቨሮች ላይ አነሱት፤ ያኔ 8ቱም አሮጌውን ማሄድ ጀመሩ፣ ጥፋቱ ባሰ። ገበያው ከመከፈቱ በፊት ደግሞ ሲስተሙ ራሱ 97 ኢሜይል ልኮ ነበር፣ ስሕተት አለ ብሎ። ማንም እንደ ማስጠንቀቂያ አላየው። የኛን ቀይና አረንጓዴ መስመር አስታወሰኝ።

ወደ ተማሪዬ ጥያቄ ልምጣ። አሁን እንዴት ነው የምናደርገው?

ከሁሉም በፊት ከቦታ ቦታ የሚለያየውን ነገር በሙሉ ከሥራ ሂደቱ ውስጥ አወጣነው። 30ው፣ የላኪው ስም፣ የሙከራው ስልክ፣ የመላኪያው አድራሻ፣ ሁሉም በየሰርቨሩ ዳታቤዝ ውስጥ ባለች አንዲት የቅንብር ሠንጠረዥ ላይ ተቀመጠ። የሥራ ሂደቱ ሲነሳ መጀመሪያ እሷን ያነባል። ስለዚህ ከጓዳ ወደ ሳሎን የሚሻገረው ፋይል አንድና ያው ነው፤ አንድ ፊደል አይለያይም። የሰዓት ሰቁንም በመጨረሻ ሰርቨሩ ላይ አፍሪካ አዲስ አበባ ብዬ አስተካከልኩትና ጣት መቁጠር ቀረ። ውጤቱን ገምቱ፤ አሁን ፋይሎቹን ስናነጻጽር የሚታየው የቀየርነው ነገር ብቻ ነው። ሁለት መስመር፣ ሦስት መስመር። ሰው ሁለት መስመር ያነባል። ሁለት መቶ መስመር ግን ማንም አያነብም፣ አነበብኩ የሚል ካለ አትመኑት።

ፋይሎቹ ጊት ውስጥ ይገባሉ። መሣሪያው ራሱ ከጊት ጋር ቴስትና ፕሮዳክሽን የሚያገናኝ ነገር አለው፣ ግን በሚከፈልበት ዕቅድ ውስጥ ነው፤ እኛ በትእዛዝ መስመር አውጥተን ራሳችን እናስገባለን። የይለፍ ቃልና ቁልፍ ፋይሉ ውስጥ አይወጣም፤ የሚወጣው የመለያው ስምና ቁጥር ብቻ ነው። በሁለቱም ሰርቨር ላይ አንድ ዓይነት መለያ ስለሰጠናቸው ፋይሉ ፕሮዳክሽን ሲገባ የፕሮዳክሽኑን ዳታቤዝ፣ ቴስት ሲገባ የቴስቱን ያገኛል። (በነገራችን ላይ እነዚያ የይለፍ ቃሎች የሚመሰጠሩበት ቁልፍ አለ፤ እሱን ሌላ ቦታ ሳታስቀምጡ ዶከሩን አፍርሳችሁ ብትሠሩት ሁሉንም እንደ አዲስ ማስገባት ነው። አንዴ ሆኖብናል፣ እሱን ሌላ ቀን።)

ሌላው ዝምታ ነው። በትእዛዝ መስመር የገባ የሥራ ሂደት ጠፍቶ ነው የሚገባው፤ ሄደህ ካላበራኸው አይነሳም። ስሕተት አይጽፍም፣ ቀይ አይበራም። ዝም ይላል። አንዴ ለሦስት ቀን መልእክት ሳይሄድ ቀርቶ ያወቅነው አንድ አባል «ዘንድሮ ረሳችሁን እንዴ?» ብሎ ሲደውል ነው። አሁን ጠዋት 2 ሰዓት ተኩል ላይ «ዛሬ ይህን ያህል ሄደ» የሚል መልእክት ለሦስታችን ይመጣል። ዜሮ ቢሆንም ይመጣል። ካልመጣ እንነሳለን።

ቴስት ላይ እውነተኛ ስልክ የለም። እውነተኛ የአባል ስምም የለም። መላኪያው ራሱ የውሸት ነው፤ መልእክቱን ተቀብሎ ሠንጠረዥ ላይ ይጽፋል፣ ወደ ማንም አይልክም። የ40 ቀን፣ የ29 ቀን፣ የዛሬ ብድር ሆን ብለን ሠርተን አስገብተናል። ስለዚህ አሁን ለመሞከር ብሎ ማንም 30ውን ወደ 0 መቀየር አያስፈልገውም። እኔን ያሳሳተኝ ስንፍና ብቻ አልነበረም፣ የሚሞከርበት ዳታ አለመኖሩም ነበር። ይሄን የምለው ራሴን ነፃ ለማውጣት አይደለም።

በጣም የምወዳት ግን ፍሬኗን ናት። ከመላኩ በፊት አንዲት ሳጥን ትቆጥራለች። ዛሬ ለዋሶች ሊሄድ ያለው መልእክት ባለፉት 30 ቀናት ከነበረው ከፍተኛ ቁጥር በእጥፍ ከበለጠ፣ አንድም ሳይላክ ይቆማል፣ ለሰው ይደውላል። ለመሥራት አንድ ሰዓት ከሩብ ፈጀብን። በጥር 30 ብትኖር ኖሮ... ተውት። ሁለት ጊዜ አቁማናለች፤ አንዱ የውሸት ማንቂያ ነበር፣ አንዱ እውነተኛ።

ሐሙስ ማታ አንለቅም። 29 እና 30 ላይ አንለቅም፣ ጳጉሜን ሙሉ አንለቅም። ማክሰኞ ወይም ረቡዕ ጠዋት ነው፤ ሁላችንም ቁጭ ብለን። የለቀቀው ሰውና ያየው ሰው ይለያያሉ፣ ሁለቱም ይፈርማሉ። «መልሰኸዋል?» «አዎ» የሚባል ነገር የለም፤ «አሳየኝ» ነው የሚባለው። እኔንም ጨምሮ። መጀመሪያ ሰሞን ትንሹ ሠራተኛ «ቲቸር፣ ያሳዩኝ» ለማለት አፉ ይያዝ ነበር። እሱን መልመድ ከጊቱም ከፍሬኗም የበለጠ ጊዜ ፈጅቷል። ትልቅ ሰውን ሁለቴ መጠየቅ ነውር ሆኖብን ያደግን ነን።

ልጁን ደግሞ። ለሥራ አስኪያጇ ሄጄ እውነቱን የተናገርኩት የካቲት 22 ነው። 19 ቀን ቆይቼ። ብዙም አልተቆጡም፣ ዝም ብለው አዩኝ፤ ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር። ማስጠንቀቂያው ከፋይሉ ወጣ፣ በስሜ ሌላ ገባ። እሱ ግን የመልቀቂያ ደብዳቤውን ካስገባ ሳምንት አልፎት ነበር። «ከርስዎ ጋር አይደለም ቲቸር፣ ሌላ ዕድል ስላገኘሁ ነው» አለኝ። እንዲህ የሚል ልጅ ነው። ይቅርታ ስጠይቀው «እኔም እኮ የትኛውን ቁጥር እንደሆነ በስሙ መጥራት ነበረብኝ» አለኝ። አሁን ሌላ ቤት ከኔ በተሻለ ደመወዝ ይሠራል።

ይህን ከመለጠፌ በፊት ልኬለት ነበር፤ የማይፈልገው ነገር ካለ ላወጣው። ሁለት ቀን አስቆየኝ። ትናንት ማታ መለሰልኝ፤ «ቲቸር፣ ይለጥፉት። የ29 ቀኑን ብድር ቴስት ላይ ማስገባታችሁ ጥሩ ነው፣ ግን በትክክል 30 ቀን የሞላውስ አለ? ድንበሩ ላይ ያለው ነው የሚያሳስተው» ይላል።

ሄጄ አየሁ። የለም። ነገ ጠዋት እናስገባዋለን።